አይ ስንት ነው?

ላፕቶፕ ገዝቶ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ዋጋውን አይደለም። ዋጋው ሁለተኛ ነው፤ እሱ ለሐሜት ይቀመጣል። መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ "አይ ስንት ነው?" የሚል ነው። "ሰባት" ከተባለ ጠያቂው ቅንድቡን ሰቅሎ "ኧረ!" ይላል። አምስት ከሆነ "ይሁን፣ ለትምህርት ይበቃል" ብሎ ያጽናናል። ሦስት የሆነ እንደሆነ ነገሩ ወደ ለቅሶ ይጠጋል፦ "አይዞህ፣ እግዜር ሲሰጥ ትቀይረዋለህ።" ከዚያ ወዲያ ማሽኑ ምን እንደሚሠራ፣ ስንት ዓመት እንደኖረ፣ ጭን ላይ ሲቀመጥ ያቃጥል እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ቁጥሩ ተነገረ፣ ማዕረጉ ታወቀ፣ አለቀ።

ኢሉባቦር፣ ዳሪሙ ውስጥ ይህ ጥያቄ የሚበዛበት ወቅት አለው። ቡናው ተለቅሞ፣ ተሰጥቶ፣ ደርቆ ሲሸጥ ዓመቱን ሙሉ የተኛ ምኞት ሁሉ ባንድ ጊዜ ይነቃል። ቆርቆሮ መለወጥ፣ በሬ መግዛት፣ ሞተር ሳይክል፣ ሠርግ። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ከዝርዝሩ ግርጌ በወጣት እጅ የተጨመረ አንድ መስመር አለ፦ ጌሚንግ ላፕቶፕ።

የእህቴ ልጅ ይህን መስመር የጨመረው መቱ ዩኒቨርሲቲ ኢንጂነሪንግ ከገባ በኋላ ነው። ለአባቱ ባቀረበው ማመልከቻ ውስጥ ግን "ጌም" የሚል ቃል ፈልጋችሁ አታገኙም። ማመልከቻው "አውቶካድ" ነው የሚለው። አውቶካድ ከባድ ሶፍትዌር ነው፣ አውቶካድ ተራ ላፕቶፕ ላይ አይሠራም፣ ያለ አውቶካድ ደግሞ ሕንጻ አይነደፍም፤ ስለዚህ አገሪቱ ያለ ሕንጻ እንዳትቀር ጌሚንግ ላፕቶፕ ያስፈልጋል።

ጉዳዩ ለቤተ ዘመድ ቀረበ። እህቴ "ልጄ ከጓደኞቹ እንዳያንስ" አለች። አዲስ አበባ ያለው አጎቱ በስልክ "ከአይ ሰቨን በታች እንዳትገዙ፣ ትዋረዳላችሁ" ሲል አስጠነቀቀ። ዱባይ የምትሠራው የአክስቱ ልጅ "እዚህ እኮ ርካሽ ነው" ብላ ዝም አለች፤ እልካለሁ ግን አላለችም። እኔም አስተያየት ተጠየቅሁ። በዘመድ ዘንድ "ኮምፒውተር አዋቂ" ነኝ፤ ማዕረጉን ያገኘሁት ፕሪንተር የነከሰውን ወረቀት ሳይቀደድ በማውጣት ነው።

የልጁ አባት፣ አማቼ፣ ሁሉንም በትዕግሥት አዳምጠው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦

"ስንት ፈረሱላ ነው?"

አማቼ ዓለምን የሚለኩት በፈረሱላ ነው። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ማዳበሪያ፣ የትምህርት ቤት ወጪ፣ የሠርግ መዋጮ፣ ሁሉም እሳቸው ራስ ውስጥ ሲገባ ወደ ቡና ይለወጣል። እውነትም ለኢሉባቦር ሰው ከዚህ የተሻለ መለኪያ የለም። ከመቶ ዓመት በፊት የአካባቢው ቡና ከጎሬ በጭነት ከብት ወደ ጋምቤላ እየወረደ፣ ክረምት ላይ ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይሻገር ነበር፤ መርከቡ ሲመለስ ጨውና ጨርቅ ይዞ ይመጣል። ዛሬ መንገዱ ዞሮ ቡናውም የሚወጣው፣ ዕቃውም የሚገባው 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ባለው አዲስ አበባ በኩል ነው። ልውውጡ ግን ያው ነው፤ ጨርቁ ቀርቶ ፕሮሰሰር ገባ እንጂ።

በጀቱ 60,000 ብር ተቆረጠ። አማቼ ይህን ሲሰሙ ፈረሱላውን በልባቸው አስልተው ትንሽ አመማቸው። ልጁ ደግሞ ዋጋ ሲያጠና ሌላ ሕመም አገኘው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ሳምንታት ሳይቆይ ከ100 አለፈ። ላፕቶፕ ደግሞ በብር አይፈለፈልም። ዋጋ የሚለጥፉት የቴሌግራም ነጋዴዎች እንኳ መለጠፉን እየተዉ "ዋጋ በውስጥ መስመር" ማለት አብዝተዋል፤ ውስጥ መስመር ገብታችሁ ስትጠይቁ ደግሞ "በጀትዎ ስንት ነው?" ይሏችኋል። ስንት ፈረሱላ እንዳላችሁ መጀመሪያ የሚያውቁት እነሱ መሆን አለባቸው።

እንግዲህ "አይ ስንት" የሚባልለትን ፕሮሰሰር እንምረጥ። ይህ ነገር ሲወለድ እንዲህ የሚከበር አልነበረም። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1971 ለገበያ ያቀረበው 4004 የተባለው ፕሮሰሰር 2,300 ገደማ ትራንዚስተር ነበረው፤ መጀመሪያ የታዘዘውም ለአንድ የጃፓን የሒሳብ መኪና አምራች ነበር። መደመርና መቀነስ ከቻለ ይበቃው ነበር። የልጅ ልጆቹን ዛሬ አንድ የዳሪሙ ልጅ ሮናልዶን አስሩጡልኝ፣ ላቡንም አሳዩኝ ይላቸዋል።

ምርጫው ጥንቃቄ የሚፈልገው በአንድ ምክንያት ነው። ላፕቶፕ ውስጥ ብዙ ነገር ኋላ ይስተካከላል። ራም ብዙውን ጊዜ ይጨመራል። አሮጌው ሃርድ ዲስክ ወጥቶ ኤስኤስዲ ይገባል። ባትሪም ኪቦርድም ይለወጣል። ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ግን ባሁኖቹ ላፕቶፖች ላይ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየዱ ናቸው፤ የገዛኸው ላፕቶፕ እስኪሞት ድረስ አብረውህ አሉ። ስለዚህ ብር ያጠረው ሰው ራም ቀንሶ ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ላይ ቢያወጣ ያዋጣዋል። ገበያው የሚሰብከው ግን የዚህን ግልባጭ ነው። "16 ጂቢ ራም! 1 ቴራ!" ተብሎ በትልቁ ይጻፍና ፕሮሰሰሩ "ኮር አይ ሰቨን" ብቻ ተብሎ ይታለፋል። የትኛው ሰባት እንደሆነ አይነገርም።

ሰባት ደግሞ ብዙ ነው። ኮር አይ 7 7500ዩ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ፕሮሰሰር ሁለት ኮር፣ ማለትም ሁለት የሥራ ክፍል፣ ብቻ ነው ያለው። በማግስቱ ዓመት የወጣው ኮር አይ 5 8250ዩ ግን አራት ኮር አለው። በኮር ብዛት አምስቱ ሰባቱን በእጥፍ በለጠው ማለት ነው። ሁለቱ ያገለገሉ ሆነው አንድ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጡ ግን፣ እመኑኝ፣ ሰባቱ በውድ ይሸጣል፤ ገዢውም ደረቱን ነፍቶ ይወጣል።

መታየት ያለበት ከሰባቱ ቀጥሎ ያለው ረጅም ቁጥር ነው። 8250 ሲል መጀመሪያ ያለው 8 ስምንተኛ ጀነሬሽን ማለት ነው፤ 10300 ሲል ደግሞ 10 አሥረኛ። ከሁሉ ከሁሉ ግን መጨረሻ ላይ የምትንጠለጠለው ፊደል ትበልጣለች። "ዩ" ያለበት ለቀጭንና ለቀላል ላፕቶፕ፣ ባትሪ እንዲቆጥብ የተሠራ ነው፤ በተለምዶ 15 ዋት ላይ ይኖራል። "ኤች" ያለበት 45 ዋት ገደማ የሚበላ፣ ሥራ የማይፈራ ነው። ለጌም የሚፈለገው "ኤች" ነው። ነገር ግን በሠርግ ላይ "የልጄ ላፕቶፕ ኤች ነው" ብሎ የተኩራራ አባት እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ራይዘን የሚባለውም አለ፤ የኤኤምዲ ሥራ ነው። በዚህ በጀት ብዙ ጊዜ ለብሩ የበለጠ የሚሰጠው እሱ ነው። ራይዘን 5 5600ኤች ስድስት ኮር አለው፣ ጌም ላይም ጎበዝ ነው። የእኛ ሰው ግን ይፈራዋል። አጎትየው ስሙ ሲነሳ "ራይዘን መለዋወጫ የለውም" አለ። ቦርድ ላይ ለተበየደ ነገር መለዋወጫው ምን እንደሚያደርግለት ስጠይቀው ኔትወርክ ተቋረጠ። እርግጥ ራይዘንም ከቁጥር ተንኮል ነጻ አይደለም። በ2022 የወጣው ራይዘን 5 7520ዩ ስሙ ሲነበብ ከ5600ኤች የሚበልጥ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን አራት ኮር ብቻ ነው፣ እነሱም በ2019 የነበረው ዜን 2 የሚባለው ንድፍ ናቸው። 5600ኤች በዕድሜ ቀድሞት በንድፍ ይበልጠዋል። በዚያ በ7000ው ተከታታይ ንድፉን የሚናገረው ሦስተኛው አሃዝ ነው። ነጋዴው ጮክ ብሎ የሚያነበው ግን የመጀመሪያውን ነው።

ይህን ሁሉ ለልጁ ከነገርኩት በኋላ፣ አባቱ ወደ ጓሮ ወጣ ሲሉ ጠብቄ፣ ዋናውን ጥያቄ አነሳሁ።

"አሁን እውነቱን ንገረኝ። ምን ልትጫወትበት ነው?"

"ጋሼ፣ አውቶካድ..."

"አባትህ የሉም።"

"ጂቲኤ ፋይቭ። ፊፋ። ትንሽ ደግሞ ፔስ።"

ጥያቄው መጀመር የነበረበት ከዚህ ነው። ጂቲኤ ፋይቭ ለኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ በትንሹ ይበቃኛል ያለው ፕሮሰሰር ኮር 2 ኳድ ኪው6600 የሚባል በ2007 የወጣ ነው፤ በዕድሜ የእህቴ ልጅ ይበልጠዋል። ይመቸኛል ያለው እንኳ በ2012 የወጣ ሦስተኛ ጀነሬሽን አይ 5 ነው። ለዚህ ጌም ሲባል አይ 7 የሚፈልግ ካለ የሚፈልገው ሰፈሩ ነው፤ ጌሙ አልጠየቀም።

ጌሙ አጥብቆ የሚጠይቀው ግራፊክስ ካርድ ነው። ኳሷ ወዴት እንደምትበር፣ በረኛው መቼ እንደሚዘል የሚያሰላው ፕሮሰሰሩ ነው። ሣሩን፣ ጥላውን፣ የተጫዋቹን ላብ በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየሳለ የሚያሳየው ግን ግራፊክሱ ነው። ለብቻው ግራፊክስ የሌለው አይ 7 ሒሳቡን ጨርሶ ሠዓሊ ሲጠብቅ ይውላል። 4 ጂቢ ያለው ጂቲኤክስ 1650 የተገጠመለት አይ 5 ግን ሒሳቡንም ሥዕሉንም ያስኬዳል። ስለዚህ ውሳኔያችን ይህ ሆነ፦ መጀመሪያ ግራፊክሱ ይኑር፤ ቀጥሎ ፊደሉ "ኤች" ይሁን፤ ቀጥሎ ኮሩ ከአራት አይነስ፤ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት የሚለው መጨረሻ ይታያል።

ይህን ይዘን ሦስታችን ወደ መቱ ወረድን። አማቼ የመጡት ብሩ በደረት ኪሳቸው ስለነበረ ነው።

የገባንበት ሱቅ ልጅ ፈገግታው ሰፊ ነው። "ፋዘር፣ ይሄን ይዩልኝ። አይ ሰቨን! ስላይትሊ ዩዝድ! እሳት የላሰ ማሽን ነው!" አለ። መዳፍ ማሳረፊያው ላይ የአይ 7 ስቲከር ያበራል። የእህቴ ልጅ ዐይኑ ስቲከሩ ላይ ተተከለ፤ ያን ሁሉ ትምህርቴን ባንድ ጊዜ ሲረሳው ታየኝ።

አማቼ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ሲገዙና ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ጀንፈል ሲገዙ ጆንያው ላይ የተጻፈውን አያነቡም። ጆንያውን ያስፈቱና ከላዩ አያነሱም፤ ክንዳቸውን ሰደው ከመሀል ይዘግናሉ። ጆሯቸው አጠገብ ነቅነቅ ያደርጉታል፤ በደንብ የደረቀ ከሆነ ፍሬው ቅርፊቱ ውስጥ ይንኳኳል፣ እርጥብ ከሆነ ዝም ይላል። ላፕቶፑንም እንደዚሁ አዩት።

"ስቲከሩን ተወው ልጄ። ፍታውና ከመሀሉ አሳየኝ።"

የሱቁ ልጅ ግራ ተጋባ። እኔ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ ተጭኜ ታስክ ማናጀርን ከፈትኩ። ይህ መስኮት ከማንኛውም ዊንዶውስ ላይ የማይጠፋ፣ ለማየት ነጋዴ የማያስፈቅድ ነገር ነው። ፐርፎርማንስ የሚለውን ነካሁ። ከላይ ሙሉ ስሙ ተጻፈ፦ 7500ዩ። ከታች ኮር፦ 2። ከግራ በኩል ባለው ዝርዝር ውስጥ ከኢንቴሉ ግራፊክስ ሌላ ምንም የለም።

አማቼ ሁለት የሚለውን ቁጥር በጣታቸው ነክተው፣ "ይቺ ምንድን ናት?" አሉ።

"የኮሮቹ ብዛት ናት።"

ወደ ባለሱቁ ዞሩ። "ሰባት ብለህ ሁለት ነው የምትሰጠኝ?"

"ፋዘር፣ ሁለትም ቢሆን ሰባት ነው!" አለ ልጁ ሳያፍር።

ሁለተኛው ላፕቶፕ ስቲከሩ ተልጦ ግማሹ የቀረ፣ ክዳኑ ጠርዙ ላይ የተፋቀ፣ ከመደርደሪያው ሥር የተጋደመ ነበር። ኮር አይ 5 9300ኤች፤ አራት ኮር። ጂቲኤክስ 1650። ራም አንድ 8 ጂቢ፣ አጠገቡ ባዶ ማስገቢያ። ዋጋው 68,000 ብር ተባለ። አማቼ "ይሥራና እንየው" አሉ። ባለሱቁ የራሱ ሃርድ ዲስክ ላይ የነበረ ጌም ከፈተልን፤ ለአንድ ደቂቃ አስኬደና ሊዘጋው ሲል አማቼ እጁን ያዙት።

"ቆይ። ቡና እንጠጣ።"

ከሱቁ ጎን ጀበና የጣደች ሴት አለች። አማቼ ከበሩ ላይ ዱካ አስመጡ፣ ተቀመጡ፣ ጌሙ እየሄደ ቡናው ተቀዳ። ያገለገለ ላፕቶፕ እንዲህ ነው የሚፈተነው፤ የመጀመሪያዋ ደቂቃ ላይ ሁሉም ጀግና ነው። ታስክ ማናጀር የፕሮሰሰሩን ሙቀት አይናገርም፤ ፍጥነቱ ግን ያሳብቃል። 9300ኤች መደበኛ ፍጥነቱ 2.4 ጊጋ ኸርዝ ነው፤ ሲመቸው እስከ 4.1 ይወጣል። ሲሞቀው ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። አቦል ስንጠጣ 3.9 ነበር። ቶና ላይ 3.1 ሆነ። በረካ ሲቀዳ 1.8 ገባ፤ ሮናልዶም ሜዳ መሀል ላይ እያነከሰ መጣ።

አማቼ ተነሥተው መዳፋቸውን ኪቦርዱ ላይ አሳረፉና ወዲያው መልሰው አነሡት።

"ልጄ፣ እውነትህን ነው" አሉት። "እሳት ልሷል።"

በሽታው የሚድን ነው። አየር ማስወጫው በአቧራ ተደፍኗል፣ ፕሮሰሰሩና ማቀዝቀዣው መሀል ያለው ቴርማል ፔስት ደርቋል። ባለሱቁ ከኋላ ዊንጮቹን ፈታ፣ አቧራውን በብሩሽ ጠረገ፣ የደረቀውን ፋቅ አድርጎ አዲስ ቀባ። እንደገና ተከፈተ፣ እንደገና ቡና ታዘዘ። በዚህኛው በረካ 3.4 ላይ ጸና። ድርድሩ ከዚያ በኋላ ቀላል ነበር፤ ባለሱቁ ራሱ ያወደሰውን እሳት ካየን በኋላ 68,000 ማለት አፈረ። በ58,500 ተስማማን። በቀረው 1,500 ብር ጥሩ ዲቫይደር ተገዛ፤ የተረፈው ለመሳፈሪያ ሆነ። ራም መጨመሩ ለከርሞ ቡና ተላለፈ፤ ሁለተኛው 8 ጂቢ ሲገባ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ከአንድ ትልቅ ራም ይሻላሉ።

ቻርጀሩን ባለሱቁ ሲያስረክበን አማቼ በእጃቸው መዘኑት። ጡብ ያክላል። ላዩ ላይ 150 ዋት ይላል። መቱ አጠገብ ያለው የሶር ወንዝ ኃይል ማመንጫ ሲሠራ አቅሙ 5 ሜጋ ዋት ነበር። ሳሰላው 33,000 ያህል የእንዲህ ዓይነት ላፕቶፕ ባለቤቶች ባንድ ሌሊት ቢጫወቱ ያን ወንዝ ብቻቸውን ይጨርሱታል። የዳሪሙ ልጆች ቁጥር ገና እዚያ አልደረሰም፤ ግን ቡና በደህና ዋጋ ከተሸጠ ማን ያውቃል። ለጊዜው ችግሩ የወንዙ ሳይሆን የሽቦው ነው፤ ዝናብና ነፋስ ሲነሣ መብራት ይሄዳል። ጌሚንግ ላፕቶፕ ደግሞ ከሶኬት ሲነቀል ኃይሉን ይቀንሳል፣ ባትሪውም በጌም ላይ ብዙ አያቆይም። የኢሉባቦርን ዝናብ የሚያውቅ ሰው ፕሮሰሰር ሲመርጥ ሰማዩንም ቀና ብሎ ያያል።

አጎትየው ከአዲስ አበባ ደውሎ አምስት መሆኑን ሲሰማ ተቆጣ። ኢንቴል ራሱ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በአዲሶቹ ላይ "አይ" የምትለዋን ትቶ "ኮር አልትራ" ማለት መጀመሩን ነገርኩት። "አልትራ ስንት?" አለ።

አሁን የእህቴ ልጅ ለዕረፍት ሲመጣ ሌሊት ከክፍሉ "ጎል!" የሚል ጩኸት ይሰማል። እህቴ የዋህ አይደለችም፤ ጠዋት ቁርስ እያቀረበች "ሕንጻው ስንት ለስንት አለቀ?" ትለዋለች።

ከሁሉ ያልጠበቅሁት ግን የአማካሪነቱ ሥራ ከእጄ መውጣቱ ነው። መቱ ላይ የሆነው ዳሪሙ ደርሷል፤ ላፕቶፕ ሊገዛ የሚነሣ ሁሉ አማቼን ይዞ መሄድ ይፈልጋል። አይ 5ን ከአይ 7፣ ራይዘንን ከኢንቴል አይለዩም፤ መለየትም አልፈለጉም። ሦስት ነገር ይጠይቃሉ፦ ምን ልትሠራበት ነው? መሀሉ ላይ ምን አለ? እስከ በረካ ይቆያል? በዚህ ሦስት ጥያቄ የተረቱ ሰባቶችና የዳኑ አምስቶች በዝተዋል። በነጻ ግን አይሄዱም። ክፍያቸው ስንት እንደሆነ የጠየቃቸው ሰው ብር ይዞ ከመጣ አይቀበሉትም፤ ሚዛን ይዞ እንዲመጣ ነው የሚነግሩት።